አሮጌ ትራክተርን ከብረት እግር ወደ ጎማ ማሸጋገር፦ ከመለካት እስከ መንዳት

አሮጌ ትራክተር አድሶ ያስነሣ ሰው ቢዘገይም እዚህ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ራዲያተሩ ውኃ ይይዛል፣ ማርሹም ይገባል። ጥርሳሙ የብረት እግር ግን አስፋልት ይቧጥጣል፣ የግቢ ኮንክሪት ይሰነጥቃል፣ የነጂውን ወገብ ያደቃል። በአሜሪካ ብዙ ግዛቶች እንዲህ ያለውን እግር በአስፋልት ላይ መንዳት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ትራክተሩን ከጋጣው አውጥቶ እስከ ማሳው ለማድረስ እንኳ ተጎታች መኪና ያስፈልጋል። መፍትሔው ጎማ ማልበስ ነው።

ብዙ ሰው ይህን የብየዳ ሥራ አድርጎ ያስበዋል። ብየዳው ግን ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ጎማ የለበሰ ትራክተር ፍጥነቱ፣ ክብደቱ፣ አቋቋሙና ሚዛኑ ይለወጣል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተቀመጡት እነዚህን አራቱን ለመጠበቅ ነው። ስለዚህ ግራይንደሩን ከማንሣትዎ በፊት ጽሑፉን እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያዘጋጁት

የሚያስፈልገው ቦታ ደልዳላ የኮንክሪት ወለል ነው። አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል፣ ከባድ እግርም ያዘነብላል። ከመሣሪያ የትራክተሩን ክብደት የሚችሉ ሁለት ክሪኮች፣ ጠንካራ የእንጨት ጉማጆች፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ ግራይንደር፣ የኤሌክትሪክ ብየዳ ማሽን፣ የሽቦ ብሩሽና የአየር መጭመቂያ ያዘጋጁ። ለራስዎ ደግሞ የብየዳ ጭንብል፣ የቆዳ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ ለአቧራ የሚሆን ማጣሪያ ያለው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ እንዲሁም የእሳት ማጥፊያ ያስፈልግዎታል። አንድ ረዳት አይጥፋ። የብረት የኋላ እግር ብቻውን ሰው ሊገድል የሚችል ክብደት ስላለው፣ ይህ ብቻዎን የሚሠሩት ሥራ አይደለም።

1. ትራክተርዎን ይለዩ፣ መንገድዎን ይምረጡ

መጀመሪያ የትራክተሩን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ያረጋግጡ። ከዚያ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሞዴል ከፋብሪካው በጎማ ይወጣ ነበር? ከ1923 እስከ 1953 የተመረተው ጆን ዲር ዲ እና ከ1932 እስከ 1939 የተመረተው ፋርሞል ኤፍ-20 በኋለኛ ዘመናቸው በጎማም ይሸጡ ስለነበር፣ ለእነርሱ የተሠራ እግር ከአሮጌ ትራክተር በታኞች ዘንድ ሊገኝ ይችላል። በአሜሪካ ከ1917 እስከ 1928 የተመረተው ፎርድሰን ኤፍ ግን የእርሻ ጎማ ከመለመዱ በፊት ምርቱ ስለቆመ፣ የሚያገኙት እግር ኋላ ላይ በሌሎች ሠሪዎች የተዘጋጀ ወይም በወርክሾፕ የተበየደ ይሆናል።

ከፊትዎ ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ለሞዴሉ የተሠራ የጎማ እግር ፈልጎ በብሎን ማሰር ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ምንም አይቆረጥም፣ የብረት እግሩም ባለበት ይቀመጣል፣ የኋላ ባለቤት ቢፈልግ መልሶ ይገጥመዋል።

ሁለተኛው የብረት እግሩን ቀለበት ቆርጦ ከሞዞው የሚወጡትን ዘንጎች ከአዲስ ቸርኬ ጋር መበየድ ነው። ወጪው ያንሳል፣ ግን አንዴ ከተቆረጠ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ይህን መንገድ ከመረጡ የራስዎን ደህና እግር አይቁረጡ። ቀለበቱ የበሰበሰ ወይም የተጣመመ፣ ሞዞውና ዘንጎቹ ግን ጤነኛ የሆኑ ሌላ ጥንድ እግሮችን በርካሽ ይግዙና እነርሱን ይቁረጡ።

ሦስተኛው ከብረቱ ቀለበት ጥርሶቹን ፈትቶ በጥርሶቹ ቀዳዳ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ፣ ለምሳሌ የማጓጓዣ ቀበቶ ቁራጭ፣ በብሎን ማሰር ነው። ለሰልፍና ለኤግዚቢሽን ይበቃል። የብሎኑን ራስ በጎማው ውስጥ ማስመጥዎን አይርሱ፤ አለዚያ አስፋልቱን የሚነካው ብሎኑ ይሆናል። ለእርሻ ግን አይሆንም፤ አፈር ሲነካው ይንሸራተታል፣ ጭነት ሲበዛበትም ይቀደዳል።

የሚከተሉት ደረጃዎች በዋናነት ሁለተኛውን መንገድ ይከተላሉ። የመጀመሪያውን የመረጠ አንባቢ የመቁረጥና የብየዳ ደረጃዎቹን ይዝለል፤ ሌላው ሁሉ ለእርሱም ይሠራል።

2. ሳይፈቱ ይለኩ

ትራክተሩ በእግሩ ቆሞ ሳለ ሁሉንም ልኬት በወረቀት ላይ ያስፍሩ። የኋላውንና የፊቱን እግር ቁመት ይለኩ፤ ጥርሱን ጨምሮና ያለ ጥርስ ለየብቻ ይጻፉት። ከአክስሉ መሃል እስከ መሬት ያለውን ርቀት፣ ከእግሩ ውስጠኛ ጎን እስከ መከላከያው ያለውን ክፍተት፣ የእግሩ ወርድ መሃል ከሞዞው ፊት ምን ያህል እንደሚርቅ ይመዝግቡ። መጨረሻ ላይ ደረጃ መለኪያ በሞተሩ ጎን ላይ አድርገው ሞተሩ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ያንብቡ።

ይህ የመጨረሻው ልኬት የሚረሳው ነው። የኋላው ጎማ ከብረቱ እግር ከፍ ብሎ የፊቱ ካልጨመረ፣ ትራክተሩ በአፍጢሙ ያጋድላል። ያን ጊዜ የዘይቱ መለኪያ ትክክለኛውን መጠን አያሳይም፣ ከኋላ ያለው የማርሽ ሣጥንም አንዱ ጎኑ ዘይት ያጥረዋል። መሪው ደግሞ ይከብዳል ወይም ይቅበዘበዛል።

3. የጎማውን መጠን በሒሳብ ይምረጡ

የእርሻ ጎማ ቁጥር ሁለት ክፍል አለው። 12.4-28 ቢል የመጀመሪያው የጎማው ወርድ፣ ሁለተኛው የቸርኬው ዲያሜትር ነው፤ ሁለቱም በኢንች። ለእያንዳንዱ ወርድ የሚስማማ የቸርኬ ስፋት አለ፦ ለ11.2 ባለ 10 ኢንች፣ ለ12.4 ባለ 11 ኢንች፣ ለ13.6 ባለ 12 ኢንች ቸርኬ የተለመደው ነው። በጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ከተጫነ ጎማው መሃሉ ያብጣል፣ ጥርሱም በሙሉ ወርዱ መሬት አይነካም።

አሁን ሒሳቡን ይሥሩ። የፎርድሰን ኤፍ የኋላ የብረት እግር ዲያሜትር 42 ኢንች ነው፤ ወደ 107 ሳንቲ ሜትር። 12.4-28 ጎማ ተነፍቶ ወደ 50 ኢንች ገደማ፣ ማለትም 127 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። 127ን ለ107 ሲያካፍሉ 1.19 ያገኛሉ። ይህ ማለት ትራክተሩ በእያንዳንዱ ማርሽ በ19 በመቶ ያህል ይፈጥናል፣ የመጎተት ኃይሉም በ16 በመቶ ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። በሦስተኛ ማርሽ በሰዓት ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ማሽን ወደ 13 ይደርሳል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ደካማ ፍሬን ይዞ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ግን ትንሽ አይደለም።

ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ ከብረቱ እግር ቁመት ጋር የሚቀራረበውን ጎማ ይምረጡ። ግዙፍ ጎማ ለዓይን ያምራል፤ ደካማው ሞተር ግን ማረሻ ሲጎትት ይታፈናል። በገበያ የሚያገኙት ጎማ ከፍ የሚል ከሆነም የፊቱን በተመሳሳይ መጠን ከፍ ማድረግ እንዳለብዎት ይወቁ።

4. ትራክተሩን አንሥተው ይደግፉ

የነዳጁን ታንከር ያራግፉና ከሥራው ቦታ ያርቁ፤ የመቁረጥና የብየዳ ብልጭታ ሩቅ ይሄዳል። የካንዴላዎቹን ሽቦ ይንቀሉ፤ አሮጌ ሞተር በማግኔቶ ስለሚሠራ ያለ ባትሪም ድንገት ሊነሣ ይችላል። የፊቱን እግሮች በሽብልቅ ከፊትም ከኋላም ያሲዙ። ከዚያ ክሪኩን ከኋላ አክስል ቤት ሥር አድርገው ሁለቱንም የኋላ እግሮች ከመሬት ያንሡና በእንጨት ጉማጅ ድርድር ላይ ያሳርፉ።

በብሎኬት በፍጹም አይደግፉ። ብሎኬት የነጥብ ጭነት ሲያርፍበት ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈረካከሳል። በክሪክ ብቻ በቆመ ትራክተር ሥርም አይግቡ።

ሞዞው ከአክስሉ አልወጣ ካለ መዶሻ አያብዙበት። በብዙ ሞዴሎች ሞዞው ጊዛ ነው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ስለሆነ በምት ይሰነጠቃል። ዝገት የሚፈታ ዘይት አጠጥተው ያሳድሩት፣ በመጎተቻ መሣሪያም ቀስ ብለው ያውጡት። በአክስሉና በሞዞው መካከል የምትገባውን ትንሿን የብረት ሽብልቅ እንዳትጠፋ ይያዙ፤ ዳር ዳሯ የተበላ ከሆነ በአዲስ ይቀይሯት፣ ጉልበቱ ሁሉ የሚተላለፈው በእርሷ ነውና።

5. ቀለሙን ያንሡ፣ ስንጥቅ ይፈልጉ

በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያለው አሮጌ ቀለም እርሳስ እንዳለበት አድርገው ይቁጠሩ። በእሳት አያቃጥሉት፤ ጢሱ መርዝ ነው። በኬሚካል ለስልሶ ሲፋቅ አቧራው ያንሳል። በብሩሽ ወይም በግራይንደር ማንሣት ካለብዎት ማጣሪያ ያለው መሸፈኛ ያድርጉ፣ ልጆችን ያርቁ፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ላይ ሰብስበው ያስወግዱ፣ የሥራ ልብስዎንም ከቤተሰቡ ልብስ ጋር አይጠቡ።

ብረቱ ከጸዳ በኋላ እያንዳንዱን ዘንግ በትንሽ መዶሻ መታ ያድርጉት። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የላላው ወይም የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ዘንጉ ወደ ሞዞው የሚገባበትን ቦታ በደንብ ይዩ። እዚያ ስንጥቅ ካገኙ እግሩን ይተዉት። ጊዛ መበየድ የልዩ ኤሌክትሮድና የሙቀት አያያዝ ዕውቀት የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ በተሸካሚ ሞዞ ላይ ደግሞ የሚሞከር ነገር አይደለም።

6. ዘንጎቹን በክብ ምልክት ይቁረጡ

በመጀመሪያ ቸርኬውን በእጅዎ ይዘው የውስጡን ዲያሜትር ይለኩ። ባለ 28 የሚባል ቸርኬ 28 ኢንች የሚሆነው ጎማው በሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ነው፤ መሃሉ ጎድጉዶ ስለሚገባ ከውስጥ በኩል ያለው ክፍተት ከዚያ ያንሳል። በቁጥሩ ተማምኖ ዘንግ መቁረጥ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። አንዳንዱ ዘንግ ስለሚረዝምበት ደግሞ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ ስለሚያጥርበት በብየዳ ሊሞላው ይሞክራል።

ትክክለኛ ክብ ለማውጣት የሚቆረጠውን እግር በትራክተሩ አክስል ላይ ገጥመው አክስሉን እንደ መዞሪያ ይጠቀሙበት። ሁለቱም የኋላ እግሮች ከመሬት ተነሥተው ማርሽ ሲገባ፣ አንዱን እግር በእጅ ሲያዞሩ ሌላው በተቃራኒው ይዞራል፤ ሞተሩ አይንቀሳቀስም። ጠመኔ በማይንቀሳቀስ መቆሚያ ላይ አስረው ወደ ዘንጎቹ ያስጠጉና እግሩን ያዙሩ፤ ሁሉም ዘንጎች ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ ምልክት ያገኛሉ። ከቸርኬው የውስጥ ልክ ላይ በየዘንጉ ጫፍ ለሚያስገቡት ጠፍጣፋ ብረት የሚሆን ቦታ ይቀንሱ።

ከዚያ እግሩን አውልቀው በእንጨት ላይ ያስተኙና ይቁረጡ። ተራ በተራ አይቁረጡ፤ አንዱን ከቆረጡ ቀጥሎ በፊት ለፊቱ ያለውን ይቁረጡ። በአንድ ወገን ብቻ ከተቆረጠ የቀለበቱ ክብደት የቀሩትን ዘንጎች ያጣምማል።

7. ቸርኬውን ያማክሉ፣ ይበይዱ

ከቆረጧቸው ቁርጥራጮች ሁለቱን ወስደው መጀመሪያ ይሞክሩ። እርስ በርስ በይደው፣ ካቀዘቀዙ በኋላ በማሰሪያ ይዘው በመዶሻ ይምቷቸው። ከታጠፈ ብረቱ ብየዳ ይቀበላል፤ እንደ ሸክላ ከተሰበረ ሥራውን ለባለሙያ በያጅ ይስጡት። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሙከራ በመንገድ ላይ ከሚወልቅ እግር ያድናል።

የተቆረጠውን እግር ወደ አክስሉ ይመልሱ። ቸርኬውን በዙሪያው አድርገው በትንንሽ የእንጨት ሽብልቆች ያስይዙት። የቸርኬው ወርድ መሃል በደረጃ 2 ከመዘገቡት የብረት እግር መሃል ጋር ይግጠም። ወደ ውጭ ከወጣ አክስሉና ኩሽኔታው ያልተሠሩለትን ጭነት ይሸከማሉ፤ ወደ ውስጥ ከገባ ጎማው መከላከያውን ይፍቃል። የካላማዳሪው መንፊያ የሚወጣበት ቀዳዳም በሁለት ዘንጎች መካከል እንዲውል አሁኑኑ ያስተካክሉት፤ በዘንግ ፊት ከዋለ በኋላ አየር የሚሞሉበት መንገድ የለም።

ጠመኔውን አሁን ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ያቁሙና እግሩን ያዙሩ። ወደ ጎን የሚወዛወዘውም ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘለውም ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። እስኪስተካከል ድረስ ሽብልቆቹን ያጥብቁ፣ ያላሉ። በዚህ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ሁሉ በኋላ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ይታወቅዎታል።

በእያንዳንዱ ዘንግ ጫፍና በቸርኬው መካከል ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ያስገቡ። ቸርኬው ቀጭን ስለሆነ የዘንግ ጫፍ በቀጥታ ከተበየደበት ጉልበቱ በአንዲት ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ከጊዜ በኋላም ይቀደዳል። ጠፍጣፋው ብረት ጭነቱን ያሰፋዋል።

ደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ ይጠቀሙ፤ እርጥበት የገባበት ኤሌክትሮድ ውስጡ የሚሰነጠቅ ብየዳ ያወጣል። የብየዳውን የመሬት መቆንጠጫ ከእግሩ ራሱ ጋር ያገናኙ። ከትራክተሩ አካል ጋር ካገናኙት ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው በኩል ያልፍና ኳሶቹን ይነድላል። መጀመሪያ አራት ዘንጎችን በፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ አድርገው በነጥብ ያሲዙ፣ አዙረው እንደገና ይለኩ፣ ከዚያ የቀሩትን ያሲዙ። ይህ ካለቀ እግሩን አውልቀው መሬት ላይ ያስተኙና በአጭር በአጭሩ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየዘለሉ ይጨርሱ። አንዱን ወገን በአንድ ጊዜ ከጨረሱት ሙቀቱ ቸርኬውን ይስበዋል፣ የደከሙበት ማማከልም ይበላሻል።

አንድ ማስጠንቀቂያ በሚገባ ይያዙልኝ፦ ጎማ የተጫነበትን ቸርኬ አይበይዱ፣ አያሙቁ። ጎማው ባይነፋም፣ መንፊያው ክፍት ቢሆንም ያው ነው። የጎማው ውስጥ ሲሞቅ የሚያወጣው ጋዝ ተቀጣጥሎ ይፈነዳል፤ በዚህ ሰዎች ሞተዋል። ከተጫነ በኋላ ስንጥቅ ካዩ ጎማውን ሙሉ በሙሉ አውልቀው ነው መበየድ ያለብዎት።

8. ጎማውን ይጫኑ

የብየዳውን እብጠት ጎማው በሚያርፍበት በኩል ሁሉ በግራይንደር ያለሰልሱ፣ የመንፊያ ቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ ይቅረጹ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብተው ያድርቁ። በተበየደ ቸርኬ ላይ ያለ ካላማዳሪ መሥራት አይቻልም፣ አየር ያሾልካል። የውስጡን መገናኛ ሁሉ በወፍራም ቴፕ ይሸፍኑት፤ ሹል የብየዳ ጫፍ ካላማዳሪን ቀስ በቀስ ይበላል።

ጎማውን ሲያስቀምጡ አቅጣጫውን ያረጋግጡ። ከትራክተሩ ኋላ ቆመው ሲያዩት የጎማው ጥርሶች እንደ ጎጆ ጣሪያ ሹላቸው ወደ ላይ መሆን አለበት። በተቃራኒው ከተገጠመ ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ይጠራቀማል፣ ጎማውም ይንሸራተታል።

ጠርዙን በሳሙና ውኃ ያርጥቡ፤ ግራሶ ወይም ቤንዚን አይጠቀሙ። ካላማዳሪውን በትንሹ ነፍተው ያስገቡ፣ እንዳይተጣጠፍ። ጠርዙ በቸርኬው ላይ እስኪቀመጥ ሲነፉ ከ35 ፒኤስአይ አይበልጡ። እዚያ ደርሶ ካልተቀመጠ አየሩን አውጥተው እንደገና አርጥበው ይጀምሩ። ግፊት እየጨመሩ መጠበቅ ቸርኬውን ወይም የጎማውን ሽቦ ይበጥሳል። ራሱ የሚይዝ የአየር መሙያ በረጅም ቱቦ ይጠቀሙና ከጎማው ፊት ሳይሆን ከጎን ርቀው ይቁሙ። መሣሪያው ወይም ልምዱ ከሌለዎት የእርሻ ጎማ ለሚሠራ ጎሚስታ ይውሰዱት፤ በዚህ ደረጃ ላይ የሚከፈለው ገንዘብ አያስቆጭም። ለሥራ በአብዛኛው ከ12 እስከ 16 ፒኤስአይ ይበቃል፤ የጎማው ሠሪ የሰጠው ሰንጠረዥ ካለ እርሱን ይከተሉ።

9. የፊቱን አብረው ይቀይሩ

የኋላውን ብቻ ቀይሮ የፊቱን በብረት መተው ትራክተሩን ያዘነብለዋል፤ የፊቱ ብረት ደግሞ በፈጣን ጉዞ መሪውን ይመታል፣ ኩሽኔታዎቹንም ይፈጫል። በመሃሉና በጎኑ ጎልተው የሚወጡ ቀጥ ያሉ መስመሮች ያሉት ባለ ሦስት መስመር የፊት ጎማ ይምረጡ፤ መስመሮቹ በአፈር ላይ ትራክተሩ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዙታል። የቁመቱ ሒሳብ ከኋላው ጋር አንድ ነው፦ ደረጃ መለኪያው በሞተሩ ጎን ላይ መጀመሪያ ያነበቡትን ማዘንበል እንደገና ማሳየት አለበት። እግሩ ወልቆ ሳለ ኩሽኔታዎቹን አጥበው ይዩ፣ ግራሶ ይሙሉ፣ የመሪውን መገጣጠሚያ ክፍተት ይፈትሹ። በብረት እግር ላይ የማይታወቅ ክፍተት በጎማ ላይ መወዛወዝ ሆኖ ይወጣል።

10. የጎደለውን ክብደት ይመልሱ

የቆረጡትን ቀለበትና ጥርስ ቁርጥራጭ ብረት በሚገዙ ሰዎች ሚዛን ላይ ያስመዝኑት። አዲሱን ቸርኬና ጎማም እንዲሁ። ልዩነቱ ትራክተሩ ያጣው ክብደት ነው። ክብደት ያጣ ትራክተር ማረሻ ሲገባ ጎማውን ብቻ እያዞረ ይቆማል።

መመለሻው ሁለት ነው። አንደኛው በሞዞው ላይ የሚታሰር የጊዛ ክብደት ነው፤ ንጹሕ ነው፣ ይወልቃል፣ ይመለሳል። ሁለተኛው በካላማዳሪው ውስጥ ፈሳሽ መሙላት ነው። መንፊያው ከላይ እንዲሆን አድርገው ፈሳሹ እስከ መንፊያው ሲደርስ ጎማው ሦስት አራተኛ ያህል ሞልቷል ማለት ነው፤ ከዚያ አይለፉ፣ ቀሪው ለአየር ነው። ንጹሕ ውኃ ብርድ ባለበት አካባቢ ይረጋል። ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው ጨው ከመርጋት ይጠብቃል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ ካላማዳሪው ካፈሰሰ ግን የደከሙበትን ቸርኬ በዝገት ይጨርሰዋል። ለዚህ የሚሸጡ፣ ብረት የማይበሉ ፈሳሾች ስላሉ እነርሱን ይምረጡ።

ክብደቱ በቂ መሆኑን የሚያውቁት በመለካት ነው። በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው ያለ ጭነት 10 ዙር የሄደውን ርቀት ይለኩ፤ ከዚያ ማረሻ አስገብተው እንደገና 10 ዙር ይለኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከ8 እስከ 15 በመቶ ካነሰ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ካነሰ ክብደት ይጨምሩ። ከዚያ በታች ከሆነ ደግሞ ክብደቱ በዝቷል፤ ነዳጅ ይበላል፣ አክስሉንና ማርሹን ያስጨንቃል።

11. ከመንዳትዎ በፊት ፍሬኑንና መጎተቻውን ያስተካክሉ

በብረት እግር ላይ ፍሪሲዮን ሲረገጥ ትራክተሩ ራሱ ይቆማል፤ ጥርሱ መሬቱን ይዟልና። በጎማ ላይ ግን ይንከባለላል። ከእነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ ደካማ ፍሬን አላቸው፣ አንዳንዶቹም ጨርሶ የላቸውም። ያለውን ፍሬን ፈትተው ሸራውን ይቀይሩ፤ ከሌለው ተዳፋት ላይ አይውጡ፣ ተጎታችም አይጎትቱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብረት እግር የወጡ ፋርሞል ኤች እና ኤም አምስተኛ ማርሻቸው እንዳይገባ ተዘግቶ ነው የወጡት። ያንን መዝጊያ የሚያወጡት ፍሬኑ፣ መሪውና የፊት ኩሽኔታዎቹ ከተፈተሹ በኋላ እንጂ በመጀመሪያው ቀን አይደለም።

መጎተቻውን ደግሞ ይመልከቱ። ፎርድሰን ኤፍ በኋላው ላይ ተነሥቶ በመገልበጥ የታወቀ ነው፤ ጎማ ጠንካራ መሬት ይዞ አልለቅ ሲል ይህ አደጋ ለማንኛውም ቀላል ትራክተር ይብሳል። ሰንሰለት ሁልጊዜ ከኋላ አክስሉ መሃል ዝቅ ባለው መጎተቻ ላይ ብቻ ይታሰር፤ በወንበሩ ወይም በአክስሉ ላይ አያስሩ። ጭቃ ውስጥ ከገቡ በጎማዎቹ ላይ ግንድ በሰንሰለት አስሮ ለመውጣት መሞከር ገዳይ ነው፤ ጎማው መዞር ሲያቅተው የትራክተሩ አካል በአክስሉ ላይ ይዞራል። በሌላ ማሽን ያስጎትቱ እንጂ። ወደ ሕዝብ መንገድ የሚወጡ ከሆነ ዝግተኛ ተሽከርካሪ መሆኑን የሚያሳየውን ብርቱካንማ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከኋላ ይስቀሉ፣ የግዛትዎንም ሕግ ይጠይቁ።

12. የመጀመሪያው ሰዓት

የመጀመሪያውን ጉዞ በዝቅተኛ ማርሽ፣ በደልዳላ ሜዳ፣ ያለ ጭነት ያድርጉት። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ሁለቱም ጎን ያዙሩት። ጎማው መከላከያውን ወይም የመሪውን ዘንግ የሚነካበት ቦታ ካለ ያኔ ይታያል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያቁሙና የእግሩን ብሎኖችና ዳዶዎች ሁሉ እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ቀለም በመካከላቸው ስለሚጨመቅ መላላታቸው አይቀርም። እያንዳንዱን የብየዳ መገናኛ በሽቦ ብሩሽ አጽድተው በብርሃን ይዩ፤ ቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል መስመር ካዩ ከሥሩ ብየዳው ተሰንጥቋል ማለት ስለሆነ ትራክተሩን ከሥራ ያውጡ። ከመጀመሪያው ቀን እርሻ በኋላም ይህንኑ ይድገሙት።

የወለቀውን የብረት እግር ለቁርጥራጭ ብረት አይሽጡ። ዘይት ቀብተው፣ ከመሬት በእንጨት አንሥተው፣ ከዝናብ ጠብቀው ያስቀምጡት። ጥርሶቹንና ብሎኖቹን በአንድ ሣጥን ሰብስበው የትራክተሩን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ይጻፉበት። ሰብሳቢዎች ለተሟላ የመጀመሪያ እግር ጥሩ ዋጋ ይከፍላሉ፤ ትራክተሩን የሚሸጡበት ቀን ከመጣም ሁለት ዓይነት እግር ያለው ማሽን አንድ ብቻ ካለው ይበልጥ ፈላጊ አለው።